ከፊተኛው ቀን እስከ ኢየሩሳሌም፦ የጳውሎስ መዋጮ እንዴት ተሰበሰበ፣ እንዴትስ ተጓዘ

ወንድሞችና እኅቶች፣ አንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 15 በትንሣኤ ሰሞንም በለቅሶ ቤትም የሚነበብ ምዕራፍ ነው። «ሞት ሆይ፥ መውጊያህ የት አለ?» ብሎ ሞትን የሞገተው ሐዋርያ ግን ያንን ቃል እንደ ጨረሰ ወዲያው የሚናገረው ስለ ገንዘብ ማዋጣት ነው። ደብዳቤው ሲጻፍ የምዕራፍ ቁጥር አልነበረውም፤ ቆሮንቶሳውያን ትንሣኤውንና መዋጮውን የሰሙት በአንድ ንባብ ነው። እኛ ስንሰብክ 15 ላይ «አሜን» ብለን እናቆምና 16ን ለገንዘብ ያዡ እንተውለታለን።

ዛሬ የምናገረው ስለዚያ መዋጮ ነው፤ በኢየሩሳሌም ላሉ ድሆች ከአሕዛብ አብያተ ክርስቲያናት ስለተሰበሰበው ገንዘብ። ስለ መስጠት ሲነሣ ሁላችንም የምንጠቅሰው «እግዚአብሔር በደስታ የሚሰጠውን ይወዳል» የሚለውን ነው። ጥቅሱ ያለበት ክፍል፣ ማለትም ሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 እና 9፣ በጠቅላላው 39 ቁጥሮች አሉት። ከነዚህ ውስጥ 14ቱ፣ ከ8፥16 እስከ 9፥5 ያሉት፣ ትኩረታቸው ሌላ ነው፦ ገንዘቡን ለመረከብ ማን እንደሚሄድ፣ ማን እንደ መረጠው፣ ከማን ጋር እንደሚጓዝና ለሐሜት በር እንዴት እንደሚዘጋ። ከሲሶው በላይ መሆኑ ነው። በእኔ እይታ በየጉባኤያችን ልግስና የሚደርቀው አብዛኛውን ጊዜ ሰዉ መስጠት ስለሚጠላ አይደለም። ቀድሞ የሰጠው ምን እንደ ደረሰ ስላልተነገረው ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በረሃብ ነው። (የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አጋቦስ የሚባል ነቢይ ከኢየሩሳሌም ወደ አንጾኪያ ወርዶ ታላቅ ረሃብ እንደሚመጣ ተናገረ፤ ይህም በቀላውዴዎስ ዘመን እንደ ሆነ ሉቃስ በሐዋርያት ሥራ 11፥28 ጽፏል። ቀላውዴዎስ የነገሠው ከ41 እስከ 54 ነው። በ40ዎቹ አጋማሽ ይሁዳን የመታውን ረሃብ የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊው ፍላቪዩስ ዮሴፍም መዝግቦታል፦ በሰሜን ሜሶጶጣምያ የነበረችው የአድያቤኔ መንግሥት ንግሥት ሄለና ሰዎቿን ልካ ከእስክንድርያ እህል፣ ከቆጵሮስ የደረቀ በለስ አስገዝታ ለኢየሩሳሌም ረሃብተኞች አከፋፈለች። ንግሥት ስትሆን መርከብ ሙሉ እህል ይገዛል። አንጾኪያ ያሉት ክርስቲያኖች ግን ንግሥት አልነበራቸውም፤ ያደረጉትን በአራት ነጥብ ማየት ይቻላል። አጋቦስ እንደ ተናገረ ወሰኑ። እያንዳንዱ እንደ አቅሙ መጠን አወጣ። ገንዘቡን በሁለት ሰው እጅ፣ በበርናባስና በሳውል (በጳውሎስ) ላኩት። የላኩትም ለሽማግሌዎቹ ነው። ጳውሎስ ኋላ በአራት አውራጃዎች የዘረጋው አሠራር ፍሬ ነገሩ እዚህ አለ።

በገላትያ 2፥10 ደግሞ ያዕቆብ፣ ኬፋ (ጴጥሮስ) እና ዮሐንስ ለጳውሎስና ለበርናባስ ቀኝ እጃቸውን ሲሰጡ አንድ ነገር ብቻ አሳሰቡ፦ ድሆችን እንድናስብ። ጳውሎስ ይህን ልፈጽም ተጋሁ ይላል። ብዙ የተከራከሩበት ስብሰባ ነበር፤ ስለ መገረዝ፣ ስለ አሕዛብ። ሁሉም ያለ ክርክር የተስማሙበት ነገር ይህ ነው።

በየዕለቱ ለምታነቡና ለምታሰላስሉ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ይህን መዋጮ በተበታተነ ጥቅስ ሳይሆን በተከናወነበት ቅደም ተከተል ለሰባት ቀን አንብቡት። ሰኞ ሐዋርያት ሥራ 11፥19-30፤ ማክሰኞ ገላትያ 2፥1-10፤ ረቡዕ አንደኛ ቆሮንቶስ 16፥1-12፤ ሐሙስና አርብ ሁለተኛ ቆሮንቶስ 8 እና 9፤ ቅዳሜ ሮሜ 15፥22-33፤ እሑድ ሐዋርያት ሥራ 20፥1-6፣ 21፥1-26 እና 24፥10-27። ከጎናችሁ ደብተር ይኑር፤ በየቀኑ የምትጠይቁትም አንድ ጥያቄ ይሁን፦ ዛሬ ባነበብሁት ክፍል ገንዘቡ በማን እጅ ነው ያለው? በመጀመሪያው ንባብ «እግዚአብሔር ምን ይለኛል» ብቻ ብሎ የሚያልፍ ሰው የሚያመልጠው ነገር ብዙ ነው።

ረቡዕን እናንሣ። ጳውሎስ በ54 ወይም በ55 ገደማ ከኤፌሶን ሲጽፍ ለገላትያ አብያተ ክርስቲያናት የደነገገውን ለቆሮንቶስም ይደግማል፦ ከእናንተ እያንዳንዱ በየሳምንቱ በፊተኛው ቀን (በእሑድ) እንደ ቀናው መጠን እያስቀረ በቤቱ ያስቀምጥ። ምክንያቱንም ራሱ ይናገራል፤ እኔ ስመጣ ያን ጊዜ ማዋጣት እንዳይሆን። ዛሬ ብዙ ጊዜ የምናደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። እንግዳ አገልጋይ ይመጣል፣ መዝሙሩ ይሞቃል፣ ከዚያ መዋጮው ይታወጃል። ጳውሎስ የራሱ መምጣት የሚፈጥረውን ሙቀት ከገንዘቡ ጋር እንዳይቀላቀል አስቀድሞ ለይቶታል። እርሱ ሲደርስ ሥራው ያለቀ መሆን አለበት።

ሳምንታዊ የሆነበትም ምክንያት አለው። በዚያ ዘመን አብዛኛው ሠራተኛ የወር ደመወዝ አያውቅም። በማቴዎስ 20 የወይኑ ሠራተኞች ለቀኑ አንድ ዲናር ተስማሙ፤ ኦሪት ዘዳግም 24፥15ም የምንደኛው ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባ እንዲሰጠው ያዛል። በዕለት ገቢ የሚኖር ሰው በዓመት መጨረሻ ትልቅ ገንዘብ አምጣ ቢባል የለውም። በየሳምንቱ ትንሽ ማስቀረት ግን ይችላል። «እንደ ቀናው መጠን» የሚለውም ለዚህ ሰው የተሠራ ነው፤ የቀናው ሳምንት ከፍ ይላል፣ ያልቀናው ይወርዳል፣ ምንም ያልገባበት ሳምንት ባዶ ያልፋል፣ ዕዳም ሆኖ አይከማችም።

ይህን ወደ ሥራ ስትለውጡት በተለይ ነጋዴዎች የምትሳሳቱበት ቦታ አለ። አንዲት ሱቅ ያላት እኅት በሳምንት 12,000 ብር ሸጠች እንበል። የዕቃው መግዣ 9,500፣ ኪራይና ማመላለሻ 900 ነው። የቀናት 1,600 ብር እንጂ 12,000 አይደለም። ከ1,600ው አምስት በመቶ ላስቀር ብትል 80 ብር ነው። በ50 ሳምንት 4,000 ብር ይሆናል። ይህችው እኅት በስሜት ተነሥታ ከሽያጩ አሥር በመቶ፣ 1,200 ብር፣ በየሳምንቱ ብታወጣ ለቤቷ የሚቀራት 400 ብቻ ነው። በሁለተኛው ወር ከመነሻ ገንዘቧ መውሰድ ትጀምራለች፣ በሦስተኛው መደርደሪያዋ ይራቆታል፣ በአራተኛው መስጠቱንም ትተወዋለች፣ ለመምጣትም ታፍራለች። ስንፍና አይደለም፤ ሒሳቡ ከተሳሳተ ቁጥር ስለ ጀመረ ነው። ደመወዝተኛ የሆነ ሰው ነገሩ ይቀለዋል፦ ደመወዙ በገባ ዕለት፣ ሌላ ወጪ ሳይነካው፣ የወሰነውን በተለየ ፖስታ ወይም አካውንት ያስቀምጥ። «ከተረፈኝ» ያለ ሰው አይተርፈውም። ባለትዳር ከሆናችሁ ደግሞ መጠኑን ሁለታችሁ ወስኑት፤ አንዱ ብቻ ወስኖ ሌላው ከጎረቤት የሚሰማው ስጦታ በቤት ውስጥ የሚያመጣው ነገር ይታወቃል።

ከብድር መስጠትስ? ሁለተኛ ቆሮንቶስ 8፥12 መልሱን ይሰጣል፤ በጎ ፈቃድ ካለ የተወደደ የሚሆነው እንዳለው መጠን ነው፣ እንደሌለው መጠን አይደለም። ቀጥሎም ሌሎች እንዲያርፉ እናንተም እንድትጨነቁ አይደለም ይላል። ማስረጃ አድርጎ የሚጠቅሰው የመናውን ታሪክ ነው፤ ዘጸአት 16 ላይ ለአንድ ሰው አንድ ጎሞር (የመስፈሪያ ስም ነው) ነበር፣ ብዙ የለቀመም አልተረፈውም፣ ጥቂት የለቀመም አልጎደለበትም። እዚህ ጋ በቸልታ የማይታለፍ ነገር አለ። በዚያው ምዕራፍ መጀመሪያ የመቄዶንያ ሰዎች ከዓቅማቸው በላይ እንደ ሰጡ ያመሰግናል። ታዲያ እንዳለው መጠን ነው ወይስ ከዓቅም በላይ? መቄዶንያዎቹ ተለምነው አይደለም፤ እነርሱ ናቸው በብዙ ልመና እንሳተፍ ያሉት። ሰው በገዛ ፈቃዱ ከዓቅሙ ቢያልፍ ያመሰግነዋል እንጂ ከዓቅም በላይ ይሁን ብሎ ሌላውን አላዘዘም። በመድረክ ላይ «ያላችሁን ሁሉ አራግፉ» የሚል ሰው የመቄዶንያን ምሳሌ ሲጠቅስ ይህን ልዩነት ያጠፋዋል።

ወደ ቆሮንቶስ እንመለስ። ካለፈው ዓመት ጀምረው ነበር፤ በ2ኛው ደብዳቤ ጊዜ ግን አልጨረሱም። ለምን? ከደብዳቤው ራሱ ማየት ይቻላል። በመካከል ከጳውሎስ ጋር ተጣልተዋል፤ በኀዘን የሆነ ጉብኝት፣ በብዙ እንባ የተጻፈ ደብዳቤ ነበር። ከዚያም በላይ ሐሜት ነበር። ጳውሎስ በቆሮንቶስ ሳለ ከእነርሱ ለኑሮው ገንዘብ አልተቀበለም፤ የጎደለውን የሞሉለት ከመቄዶንያ የመጡ ወንድሞች ነበሩ (11፥9)። ሰዉ ታዲያ ምን አለ? «በግልጽ አልወስድም ይላል፣ በመዋጮው ስም ግን በተንኮል ይወስዳል።» ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም፤ 12፥16-18 ላይ ራሱ ክሱን ያነሣውና ቲቶ አታለላችሁን ብሎ ይጠይቃቸዋል። እንግዲህ 14ቱ ቁጥሮች የተጻፉት እንዲህ ባለ አየር ውስጥ ነው።

መልሱ ምን ነበር? «እኔን አታምኑኝም?» አላለም። ሐዋርያ ነኝ ብሎ ሥልጣኑን አልመዘዘም። ሦስት ሰዎች ላከ። አንደኛው ቲቶ፣ የራሱ ባልደረባ። ሁለተኛው በወንጌል ሥራ በአብያተ ክርስቲያናት ሁሉ የተመሰገነ ወንድም፤ ይህን ሰው የመረጡት አብያተ ክርስቲያናቱ ናቸው፣ ጳውሎስ አይደለም። ሦስተኛው በብዙ ነገር ብዙ ጊዜ የተፈተነ ትጉህ ወንድም። ስለዚህ ገንዘቡ ባለበት ክፍል ውስጥ ጳውሎስ ያልመረጠው ቢያንስ አንድ ሰው አለ። ምክንያቱም ተጽፏል፦ ስለዚህ ለጋስ ስጦታ ማንም እንዳይነቅፈን፤ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም የሆነውን እናስባለንና። ቀድሞም በአንደኛው ደብዳቤ ወደ ኢየሩሳሌም የሚያደርሱትን ሰዎች ራሳችሁ ምረጡ፣ እኔ መሄዴ የሚገባ ከሆነ ከእኔ ጋር ይሄዳሉ ብሏል። እርሱ ለመሄዱ «ከሆነ» የሚል ቃል አለበት፤ የእነርሱ መሄድ ግን የተቆረጠ ነው።

«ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ» የሚለውን የጌታን ቃል አንሥቶ ሪፖርት አያስፈልግም የሚል ሰው በየጉባኤው አይጠፋም። ያ ቃል የተነገረው ለሰጪው ነው። ሰጪው ስሙንና መጠኑን ይደብቅ፤ የሌላውን ገንዘብ የተሸከመ ሰው ግን የሚደብቀው ነገር ሊኖረው አይገባም። በነዚህ ምዕራፎች ሁለቱም በአንድነት ይታያሉ፦ ማን ስንት እንደ ሰጠ አንድም ቦታ አልተጻፈም፣ የገንዘቡ ጠቅላላ ድምርም የለም፣ የአንድ ድሃ ስምም አልተጠራም። የተሸካሚዎቹ ጉዳይ ግን በዝርዝር አለ። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ይገለበጣል፤ የሰጪው ስም በማይክሮፎን ይጠራል፣ የተቸገረው ፎቶ ይለጠፋል፣ የገንዘብ ያዡ ወረቀት ብቻ በመሳቢያ ይቀራል።

ይህ አሠራር የጳውሎስ ፈጠራም አይደለም። ሁለተኛ ነገሥት 12ን አንብቡ። በንጉሥ ኢዮአስ ዘመን ካህናቱ ለቤተ መቅደሱ የሚመጣውን ገንዘብ እየተቀበሉ ቤቱን እንዲጠግኑበት ታዘዙ፤ እስከ ሃያ ሦስተኛው ዓመት ድረስ ግን ምንም አልጠገኑም። ጽሑፉ ሌቦች ናቸው አይልም። አሠራሩ ነበር የተበላሸው፤ የሚሰበስበውም የሚያወጣውም አንድ እጅ ነበር። ከዚያ ካህኑ ዮዳሄ ሣጥን ወስዶ መክደኛውን ቀደደ፣ በመሠዊያው ቀኝ አኖረው፣ ደጁን የሚጠብቁት ካህናት የመጣውን ሁሉ በዚያ ይጨምሩ ነበር። በሣጥኑ ብዙ ገንዘብ ሲኖር የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ ሁለቱ አብረው ወጥተው ይቆጥሩታል፣ በከረጢት ያስሩታል፣ ከዚያ ለሥራው ኃላፊዎች፣ ከእነርሱም ለአናጢዎች፣ ለግንበኞችና ለድንጋይ ጠራቢዎች ይደርሳል። በየቤተ ክርስቲያናችን ደጅ የምናየው ሙዳየ ምጽዋት የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፦ ማስገቢያው ጠባብ፣ መክፈቻው ከአንድ ሰው በላይ የሚጠይቅ። ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ ከሆነ ግን ሣጥኑ ካህናቱ በእጃቸው ይቀበሉበት ከነበረው ዘመን አይሻልም።

ዕዝራ 8 ደግሞ የጉዞውን ነገር ያስተምራል። ዕዝራ ለቤተ መቅደሱ የተሰጠውን ይዞ በባቢሎን አገር ካለው ከአኅዋ ወንዝ ወደ ኢየሩሳሌም ሲነሣ ከካህናት አለቆች 12 ሰዎችን ለይቶ ገንዘቡን መዝኖ አስረከባቸው፦ 650 መክሊት ብር፣ 100 መክሊት የብር ዕቃ፣ 100 መክሊት ወርቅ፣ ሌላም። አንድ መክሊት በትንሹ 30 ኪሎ ቢታሰብ ብሩ ብቻ ከ19 ቶን ይበልጣል። በመጀመሪያው ወር በ12ኛው ቀን ተነሥተው በአምስተኛው ወር መጀመሪያ ኢየሩሳሌም ገቡ፤ ሦስት ቀን ዐረፉ፣ በአራተኛው ቀን ሁለት ካህናትና ሁለት ሌዋውያን ባሉበት እንደገና ተመዘነ፣ ሁሉም በቁጥርና በሚዛን ሆነ፣ ሚዛኑም በዚያን ጊዜ ተጻፈ። ተነሥተው ሲመዝኑ የነበረው ወረቀትና ደርሰው ሲመዝኑ የነበረው ወረቀት ይገናኛሉ። ይኸው ዕዝራ እኮ «የእግዚአብሔር እጅ ትጠብቀናለች» ብሎ ከንጉሡ ወታደር ለመጠየቅ ያፈረ፣ በጾምም የለመነ ሰው ነው። እምነቱ ሚዛኑን አላስቀረበትም።

ስለ ጉዞ ካነሣን ገንዘቡ ራሱ ምን ይመስል እንደነበር እንይ። የጳውሎስ ዘመን አንድ የብር ዲናር ክብደቱ ወደ 4 ግራም ይጠጋል። 1,000 ዲናር፣ የሦስት ሠራተኞች የዓመት ገቢ ያህል ማለት ነው፣ ወደ 4 ኪሎ ብር ነው፤ ይንኳኳል፣ ይታያል፣ በትከሻ ላይ ያስታውቃል። 25 ዲናር አንድ የወርቅ ሳንቲም ስለሚሆን ወደ ወርቅ ቢመነዘር 40 ሳንቲም፣ ከግማሽ ኪሎ በታች ይሆናል። ከዚያ ደግሞ ሌላ ሥጋት አለ፦ በልብስ ውስጥ የተሰፋ ወርቅ ለተሸካሚው ይቀለዋል፣ ለሌባም እንደዚያው። መንግሥትም አለ። አይሁድ በየዓመቱ ግማሽ ሰቅል ከየአገሩ ሰብስበው ወደ ቤተ መቅደስ ይልኩ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ62 የሮም የእስያ አውራጃ (የዛሬ ምዕራብ ቱርክ) ገዥ ፍላኩስ ወርቅ ከግዛቱ እንዳይወጣ ከልክሎ ይህን ገንዘብ ወረሰው። በአፓሚያ ብቻ የተያዘው ከ100 የሮም ፓውንድ በትንሹ ያነሰ፣ በዛሬው ሚዛን ወደ 32 ኪሎ የሚጠጋ ወርቅ ነበር። በጳውሎስ ዘመን የአይሁድ ገንዘብ በሕግ የተጠበቀ ነበር፤ ለኢየሩሳሌም የሚሄድ የአሕዛብ ክርስቲያኖች መዋጮ ግን እንዲህ ያለ ግልጽ ከለላ አልነበረውም። ተሸካሚዎቹ የበዙበት አንዱ ምክንያት ይህም ይመስለኛል።

አሁን ወደ እኛ ቆጠራ። ሙዳዩ ወይም የመባው ከረጢት ሲከፈት ሁለት ሰዎች ይኑሩ፤ ዘመዳሞች አይሁኑ፣ ገንዘብ ያዡም ከቆጣሪዎቹ አንዱ አይሁን። መጀመሪያ የተለየ ጉዳይ የተጻፈባቸው ፖስታዎች ይለዩ። ከዚያ ብሩ በየዓይነቱ ይደርደር፣ ባለ 200፣ ባለ 100፣ ባለ 50፣ እስከ ሳንቲሙ፤ አንዱ ይቁጠር፣ ሁለተኛው ያንኑ እንደገና ይቁጠር፣ የመጀመሪያውን ድምር ሳያይ። ሁለቱ ሲገጥም በወረቀት ይስፈር፦ ቀን፣ የዓይነቱ ብዛት፣ ድምር፣ ሁለት ፊርማ። ከክፍሉ ማንም ከመውጣቱ በፊት። አንዱ ቅጂ ከቆጣሪዎቹ ጋር ይቅር። ገንዘቡ በሚቀጥለው የሥራ ቀን ባንክ ይግባ፣ የባንኩን ደረሰኝ ከቆጠራው ወረቀት ጋር የሚያስተያየው ሦስተኛ ሰው ይሁን። ብዙ ቦታ ነገሩ የሚበላሸው በትልቅ ስርቆት አይደለም። «ለታክሲ 200 ብር ከዚሁ እንውሰድ፣ ለውኃ 150 እንክፈል» ተብሎ ከመቆጠሩ በፊት የሚወጣው ነው። ከዚያ በኋላ የባንኩ ደረሰኝና የቆጠራው ወረቀት አይገናኙም፤ በዓመቱ ልዩነቱን የሚያስረዳ ሰው አይኖርም፣ ንጹሑም ሰው ይጠረጠራል። ወጪ ካለ ሙሉው ገብቶ፣ በሰነድ ይውጣ።

በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በገልፍ አገሮች ያላችሁ ወገኖች ለታመመ ወይም ለሞተ ሰው ቤተሰብ የምታሰባስቡት ገንዘብ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገባው ፈጣኑ፣ ታማኙ ሰው በግል አካውንቱ ነው። ታማኝነቱ ችግር አይደለም። እርሱ ቢታመም፣ አካውንቱ ቢታገድ፣ ቢሞት ገንዘቡ በሕግ የእርሱ ነው፤ ወራሾቹም አያውቁም። ስለዚህ ቢቻል በጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ አካውንት ይከፈት፤ ባይቻል ሌላ ሁለተኛ ሰው ዝርዝሩን በየቀኑ ይይዝ። መዋጮው ሲታወጅ አራት ነገር አብሮ ይነገር፦ ለማን፣ ስንት ያስፈልጋል፣ እስከ መቼ፣ ቢተርፍ ወይም ሰውዬው ቢያርፍ ገንዘቡ ወዴት ይሄዳል። አራተኛውን ማንም በደስታ አያነሣውም፤ ሟርት ይመስላል። ሳይነሣ ሲቀር ግን ከቀብር በኋላ በሐዘንተኞች ፊት የሚነሣ ጭቅጭቅ ይሆናል። ሪፖርቱም የተሰበሰበውን፣ የማስተላለፊያ ክፍያውን፣ የዕለቱን ምንዛሪና በብር የደረሰውን ያሳይ፤ የላኩበት ምንዛሪ ካልተጻፈ ሁለቱን ቁጥር ማንም ሊያገናኝ አይችልም።

በ57 ገደማ ጉዞው ተጀመረ። ሮሜ 15 ከመነሣቱ በፊት የተጻፈ ነው፤ መቄዶንያና አካይያ በፈቃዳቸው እንዳዋጡ ይናገራል፣ ማለትም ቆሮንቶስ በመጨረሻ ጨርሳለች። ከቆሮንቶስ በቀጥታ ወደ ሶርያ በመርከብ ሊሄድ ሲል ሴራ ስለ ታሰበበት በመቄዶንያ በኩል ዞረ። አብረውት የነበሩትን ሐዋርያት ሥራ 20፥4 ይዘረዝራል፦ የቤርያው ሶጳጥሮስ፣ ከተሰሎንቄ አርስጥሮኮስና ሲኮንዱስ፣ የደርቤው ጋይዮስ፣ ጢሞቴዎስ፣ ከእስያ ቲኪቆስና ጥሮፊሞስ። ስሞቹ ሲነበቡ ያሰለቻሉ፤ እንደ ሒሳብ ሰነድ ካነበባችኋቸው ግን የየአውራጃው ምስክሮች ናቸው። በጢሮስ ሰባት ቀን ተቀመጡ፣ ወደ ቂሣርያም መጡ፣ ያደሩትም በፊልጶስ ቤት ነው። ሉቃስ እዚህ ጋ «ከሰባቱ አንዱ» ብሎ ያስታውሰናል። ሰባቱ የተመረጡት በሐዋርያት ሥራ 6 በዕለት ዕለት እደላ የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ተረስተው ማንጎራጎር በተነሣ ጊዜ ነው። ለኢየሩሳሌም ድሆች የተዋጣው ገንዘብ የድሆቹን እደላ እንዲያስተካክል በተመረጠ ሰው ጣሪያ ሥር አደረ። አጋቦስም ወደዚያው ቤት መጣ፤ ያ ረሃቡን የተናገረው አጋቦስ፣ አሁን የጳውሎስን መታጠቂያ ወስዶ የገዛ ራሱን እጅና እግር እያሰረ።

ጳውሎስ በሮሜ 15፥31 እንዲጸልዩለት የጠየቀው ሁለት ነገር ነበር፦ ከማያምኑት እንዲድን፣ አገልግሎቱም በቅዱሳን ዘንድ የተወደደ እንዲሆን። ሰጪው ብቻ ሳይሆን ተቀባዩም ሊያስቸግር እንደሚችል ያውቃል። የአሕዛብን ገንዘብ መቀበል ለኢየሩሳሌም ሰዎች ቀላል አልነበረም፤ መቀበል ኅብረትን ማመን ነው። እኛም ጋ ሰው ቸግሮት «አልቀበልም» የሚልበት ጊዜ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ትዕቢት ሳይሆን በኋላ የሚጠየቀውን ስለሚፈራ ነው። ስጦታው በማን ስም እንደሚደርሰውና ምንም እንደማይጠየቅበት አስቀድሞ መንገር ያቀለዋል።

በኢየሩሳሌም የሆነውን ታውቃላችሁ። ጥሮፊሞስን ከእርሱ ጋር በከተማ ስላዩት ወደ መቅደስ አስገብቶታል ተባለ፣ ሕዝቡ ታወከ፣ ጳውሎስ ታሰረ። በሮማዊው ገዥ በፊልክስ ፊት ሲቆም ለወገኖቹ ምጽዋት ሊያደርስ እንደመጣ ተናገረ (24፥17)። ጥቂት ቁጥሮች ዝቅ ብሎ ፊልክስ ጳውሎስ ገንዘብ እንዲሰጠው ተስፋ እያደረገ ደጋግሞ ያስጠራው እንደነበር እናነባለን። ወዳጆቹ እንዲያገለግሉት ተፈቅዶ ነበር፤ ያም ሆኖ ሁለት ዓመት ሙሉ ታስሮ ቆየ፣ ፊልክስ ተሽሮ ፊስጦስ ሲተካም አልተፈታም። ለአንድ ጉዳይ የተዋጣን ገንዘብ ወደ ሌላ አስቸኳይ ጉዳይ ማዞር ከዚህ የበለጠ ምክንያት የሚያገኝበት ጊዜ የለም፤ ሐዋርያው ራሱ ታስሮ።

ጉዳዩን መለወጥ ግድ የሚሆንበት ጊዜ ይመጣል። ለጣሪያ የተዋጣው ሳይነካ የጎርፍ አደጋ ሊደርስ ይችላል። ያን ጊዜ ኮሚቴው ወስኖ በኋላ ከማሳወቅ፣ አስቀድሞ ሰጪዎቹን ይጠይቅ። ማስታወቂያው በሁለት እሑድ ይነገር፣ በጽሑፍም ይለጠፍ፤ ድርሻዬ ለመጀመሪያው ጉዳይ ይቆይ የሚል ሰው እስከ የትኛው ቀን ማመልከት እንደሚችልና ለማን እንደሚናገር ይጻፍበት። ያ ቀን ካለፈ በኋላ የተዛወረው መጠንና የቀረው መጠን በተለያየ መስመር ይመዝገብ።